ዘግይቶ የመጣው ጉንፋን

ሰኞ

ብርዱ ወጣ ብለን ካፖርቶቹን ወደ ቁም ሣጥኑ ጥግ ከገፋናቸው ሰንበት ብሏል። ቢሮም ያው ነው። ማሞቂያው ወደ ዕቃ ክፍል ተመልሷል፤ አለቃዬም የጉንፋን ወቅት ማጠቃለያ ሪፖርት እንዳዘጋጅ ነግሮኛል። ሰኞ ሰኞ ሥራዬ ስልክ ነው። በአካባቢያችን ወዳሉት ጤና ጣቢያዎች አንድ በአንድ እየደወልኩ ባለፈው ሳምንት ትኩሳትና ሳል ይዞት የመጣው ሰው ስንት እንደሆነ እጠይቃለሁ፤ ከዚያ ግራፉ ላይ ነጥብ አደርጋለሁ። የበሽታ ቅኝት የሚባለው ትልቅ ስም ሲገለጥ ይኼው ነው። መስመሩ ወርዶ ከተኛ ቆይቷል። ዛሬም ተኝቷል፤ ከአውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ካለው ጤና ጣቢያ በቀር። የዚያ ነርስ "እኛ ጋ ሰዉ ገና እያሳለ ነው" አለችኝ። እየሳቀች ነው ያለችው። ወዲያው እሷም አሳለች።

አቧራ ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

ቤት ስገባ አባዬ ምላጭ እንድገዛለት ጠየቀኝ። በቅርቡ ገዝቼለት ነበር። ጡረታ ከወጣ ጀምሮ ሲያሰኘው ነበር የሚላጨው፤ አሁን በየቀኑ ሆኗል። ዕድሜ ሲገፋ ቆዳ ያሳክካል ይባላል፣ ከዚያ ይሆናል። ቅባት ልግዛለት።

ረቡዕ

የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህርት ደወለች። አብረን ነው የተማርነው፤ ስለ ሥራ ደውላልኝ ግን አታውቅም። ሦስተኛ ክፍል ግማሹ ባዶ ነው፣ አስተማሪውም ተኝቷል፣ እናንተ ጋ የሰማችሁት ነገር አለ ወይ አለችኝ። የሰማነው ነገር የለም አልኳት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ መልሴ ራሴን ኮሰኮሰኝ። ለመስማት ደመወዝ የሚከፈለኝ እኔ ነኝ።

ለአለቃዬ ነገርኩት። በዕድሜ ታናሼ ነው፣ ጨዋ ሰው ነው፣ እምቢ ሊለኝ ሲል ሁሌ በ"እህቴ" ይጀምራል። ዛሬም "እህቴ፣ ወቅቱ እኮ አልቋል" አለኝ። አንድ ክፍል ተማሪ ባስነጠሰ ቁጥር ብንሮጥ አንዘልቀውም፣ የበላይ አካልም የመዝጊያ ሪፖርቱን እየጠበቀ ነው አለ። ክርክር አልሆነልኝም። እሺ ብዬ ወጣሁና ደረጃው ላይ ቆሜ ለላብራቶሪው ሰው ደወልኩ። ናሙና ባመጣልህ ትመረምርልኛለህ ወይ አልኩት። "አምጪ" አለ። ከዚያ በላይ ቃል ከአፉ አይወጣም። አንዳንድ ቀን እንደሱ ያለ ሰው ደስ ይለኛል።

ዓርብ፣ ምሳ ሰዓት ላይ

መናኸሪያው ጤና ጣቢያ ነኝ። ሰልፉ በሩን አልፎ ወጥቷል። ሹፌሮች፣ ትኬት ቆራጮች፣ ሕፃን ያቀፉ እናቶች። ጫፉ ጥጥ የሆነውን ዘንግ ወደ አፍንጫቸው ስሰድ ትልልቆቹ ሰዎች እንባቸው ይወርዳል፣ ሕፃናቱ ይሰድቡኛል። አንዱ ሹፌር አየት አድርጎኝ የ"ቀስ እንበል" ልጅ ነሽ አይደል አለኝ። አባዬን በሥራ ዘመኑ እንደዚያ ነበር የሚሉት፤ ተሳፋሪው ቢጮህ፣ ረዳቱ ቢለምን፣ ከፍጥነቱ ንቅንቅ አይልም ነበርና። ነኝ አልኩ። ኮራሁ እንኳ።

ናሙናዎቹ ተይዘዋል። እግሬ ዝሏል። ቀሪውን ቤት።

ዓርብ ማታ

ቤት ስደርስ አባዬ ሸሚዝ እየተኮሰ ነው። እስከ ሰባ ስምንት ዓመቱ ድረስ ካውያ ሲይዝ አይቼው አላውቅም። እኔ እተኩስልሃለሁ ብለው የለም ተዪው አለ። የሚሄደው ያው ወደ አረጋውያን መዋያው ነው፤ ዳማ ሊጫወት። የሸሚዙ ቁልፍም ተተክሏል፤ ያ ካንገቱ ሥር የጠፋው። ማን ተከለልህ ስለው፣ መዋያው ውስጥ አንዲት ልብስ ሰፊ የነበሩ ሴትዮ አሉ፣ እሳቸው ናቸው አለ። እኔም እኮ ልተክለው አስቤ ነበር። ሥራ በዝቶብኝ ነው እንጂ ቁልፉ መሳቢያዬ ውስጥ ነው።

ባለቤቴ የሞተ ዓመት ነው አባዬ ሻንጣውን ይዞ ወደኔ የመጣው። ልጄ ሌላ ከተማ ልትማር ሄዳለች፤ ሁለታችን ብቻ ነን። እሱን ማን ይጠብቀዋል፣ እያልኩ ስንት ነገር ትቻለሁ። አይቆጨኝም፤ ቤት ስገባ መብራት በርቶ ማግኘት ጥሩ ነገር ነው።

ሰኞ

ነጥቡ ከፍ ብሏል። በመናኸሪያው ብቻ አይደለም፤ በገበያው በኩል ያለውም፣ ትምህርት ቤቱ አጠገብ ያለውም ጨምሯል። ከቀትር በኋላ የላብራቶሪው ሰው ራሱ ደወለ። "ኢንፍሉዌንዛ ቢ። አብዛኛው" አለና ዘጋ።

ደስ አለኝ። እጄን አጨበጨብኩ መሰለኝ። ከዚያ አፈርኩ። ሰው ታምሞ ትክክል ነበርኩ ብሎ መደሰት ምን የሚሉት ነው።

አለቃዬ ውጤቱን ሁለቴ አነበበው። ቀጥሎ ሪፖርቱን አንዘጋም አለ። "እህቴ" ሳይል ነው ያለው። ሳምንታዊው ቆጠራ ይቀጥላል፣ ትምህርት ቤቶችም በየቀኑ የቀሪ ተማሪ ቁጥር ይልካሉ።

ኮሪደሩ ላይ ግን ሁለት የሥራ ባልደረቦቼ ሲያወሩ ሰማሁ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። አንደኛዋ፣ ሴትዮዋ ቤቷ ማን አላት፣ ሥራ ፈጥራ ነው እንጂ አለች። ሌላዋ ሳቀች፤ ክፉ ሳቅ አልነበረም። ሳል ሳል አድርጌ አለፍኩ።

ማንም የለኝም? አባቴ አለኝ።

ማክሰኞ

ትርፍ ክትባት አለን። ፍሪጁ ውስጥ ተደርድሮ ወደ ማዕከላዊው መጋዘን ሊመለስ ቀን ይጠብቃል። ለምን ለመዋያው አረጋውያን አንሰጥም ብዬ ጠየቅኩ። አለቃዬ በዚህ ሰዓት ማን ይከተባል አለ፤ ግን ፈቀደ። ጥሩ ነገሩ ይህ ነው፣ እያጉረመረመም ቢሆን ይፈርማል።

ራት ላይ ለአባዬ ሰበክሁት። በመከር የሰጠሁትን ምክር ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ነበር። ዛሬም፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ማጅራቴ ላይ ሕዝብ እያስነጠሰብኝ አውቶቡስ የነዳሁ ሰው ነኝ፣ የቀረኝ ጉንፋን ካለ ይምጣ አለ። ስለ ሳምባ ነገርኩት፣ ስለ ልብ ነገርኩት፣ ክትባቱ እስኪሠራ ሁለት ሳምንት እንደሚፈልግ፣ ስለዚህ አሁኑኑ መሆን እንዳለበት ነገርኩት። ሾርባውን ጠጥቶ ተነሣ። ግድግዳ ነው።

ሐሙስ

ተከተበ!

ከዚህ ደብተር ውጪ የምኩራራበት ቦታ ስለሌለኝ እዚህ ልኩራራ። መዋያው ውስጥ ጠረጴዛ ዘርግተን ስንጀምር ሁሉም ግድግዳውን ተደግፎ ይተያያል፤ መጀመሪያ የሚመጣ ጠፋ። ያኔ ልብስ ሰፊዋ ከዳማው ጠረጴዛ ተነሡ። ደቃቃ ሴት ናቸው፣ መነጽራቸው በክር አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። እጅጌያቸውን እየሰበሰቡ መጡና እኔ ዕድሜዬን በመርፌ ነው የኖርኩት፣ አሁን ደግሞ የመወጋት ተራ ይድረሰኝ አሉ። ሁሉም ሳቀ። ዞር ስል አባዬ ከኋላቸው ተሰልፏል። የተኮሳትን ሸሚዝ እጅጌ በሥርዓት ጠቅልሎ፣ እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ።

እንግዲህ የማክሰኞው ስብከቴ ከንቱ አልቀረም። ሰውየው ቀስ ብሎ ነው የሚገባው እንጂ ይገባዋል። ሌሎቹም ተከትለው መጡ፤ ያመጣሁት ሁሉ አለቀ።

እሑድ

ልጄ ደወለች። ስልኩን ለአያቴ ስጪልኝ አለችና ረጅም አወሩ። ይስቃል። በመጨረሻ ስልኩን ሲመልስልኝ "እማዬ፣ አያቴ ደስ ብሎታል አይደል? ምን ተገኘ?" አለችኝ። የአየሩ መሞቅ ነው አልኳት። ጎተት አድርጋ "እሺ" አለች። ልጆች ሩቅ ሆነው ምን ያውቃሉ።

ማክሰኞ

ቁጥሩ በጣም ወጣ። ሆስፒታሉ አልጋ እየጠበበው ነው። ፋርማሲ ውስጥ ለትኩሳት መድኃኒት ሰልፍ ነው። ትምህርት ቤቱ ሁለት ክፍል ዘጋ። መዋያው ውስጥም ከትናንት ጀምሮ የሚያስሉ አሉ፤ ክትባቱ ገና አልያዘም።

ምሳ አልበላሁም። ሻይ ብቻ።

ረቡዕ

ዛሬ የማልወደውን ነገር አደረግሁ።

የመዋያው ኃላፊ ቢሮ ውስጥ ሆነን ተነጋገርን። ሴትየዋ እነዚህ ሰዎች ከዚህ ውጭ የሚሄዱበት የላቸውም፣ ቤታቸው ብቻቸውን ቢቀመጡ ከጉንፋኑ የባሰ ነው አለች። ልክ ናት። እኔ ደግሞ በዚያች በታፈነች ክፍል ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ሆነው ሲያስሉ እያየሁ ነው። እኔም ልክ ነኝ። አለቃዬን ጠየቅሁት፤ ከኔ የተሻለ የምታውቂው አንቺ ነሽ አለ። እንዲህ ያለው መተማመን ሲመቸው ብቻ ነው የሚመጣለት። ወረቀቱ ላይ ፈረምኩ። መዋያው ወረርሽኙ እስኪበርድ ተዘጋ።

አባዬ ወሬውን የሰማው ከኔ በፊት ነው። ራት ላይ፣ "አንቺ ነሽ የዘጋሽው?" አለኝ። አዎ አልኩ። ምክንያቱን ማስረዳት ጀመርኩ። ሳልጨርስ ሳህኑን ይዞ ክፍሉ ገባ።

ለዳማ እንዲህ ይኮረፋል?

ዓርብ

አሁንም አላናገረኝም። ሰላምታውን ግን አይነፍገኝም፤ "ደህና አደርሽ" ይላል፣ ለጎረቤት እንደሚባለው። ከክፍሉ ወጥቶ መስኮቱ ጋ ይቆማል፣ ይመለሳል። መላጨቱንም ተወ።

በሩን አልፌ ስሄድ በስልክ ሲያወራ ሰማሁት። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ቀስ ብሎ፣ የተበላ የተጠጣ ዓይነት ወሬ። የድሮ ረዳቱ መሆን አለበት፤ ሌላ የሚደውልለት ሰው የለም። ሰውየው ግን ጆሮው ከደነቆረ ቆይቷል፣ ድሮ ከሱ ጋር ሲያወራ ግድግዳው ነበር የሚነቃነቀው። ማዳመጫ ተገጥሞለት ይሆናል። እሰየው።

እሑድ

ጠዋት ወጥ ቤት ስገባ አባዬ ጃኬቱን ለብሶ በሩ ላይ ቆሟል። ፊቱ አመድ መስሏል።

"ስልኳን አታነሳም" አለኝ።

"ማን?"

"ልብስ ሰፊዋ። ትናንት ማታ ድምፅዋ ልክ አልነበረም፤ ዛሬ ከነጋ አታነሳም። አንቺ ነርስ ነሽ፣ ነይ እንሂድ።"

እስካሁን "እሳቸው" እያለ ነበር የሚጠራቸው። ዛሬ "እሷ" ሆኑ። ሲጨነቅ ሰዋስው ይጠፋበታል።

ሦስት መንገድ ብንሻገር ነው ቤታቸው። ብዙ አንኳኳን። ሲከፍቱልን ግድግዳ ይዘው ነው፤ ከንፈራቸው ደርቋል፣ ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ሰው እንዳላስቸግር ብዬ ነው አሉ። ደረታቸውን አዳመጥኩ፤ ግራው ልክ አይደለም። ታክሲ ጠራሁ። አባዬ ከኋላ አብሯቸው ተቀመጠ። የእጅ ቦርሳቸውን ታቅፎ፣ መንገዱን ሁሉ ለሹፌሩ ጉድጓድ እየጠቆመ። ቀስ እንበል የሚሉት ሰውዬ ዛሬ ትንሽ ፈጠን በል አለ።

የሳምባ ምች ነው። ኦክስጅን ተደረገላቸው። ሐኪሙ በጊዜ መጥተዋል አለ። ዛሬ ባይመጡስ ብዬ አልጠየቅሁትም።

ጠያቂ አይገባም ተባለ፤ በወረርሽኙ ምክንያት። ያንን መመሪያ ያረቀቅሁት እኔ ነኝ። አባዬ ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ቦርሳውን ጭኑ ላይ አድርጎ እስኪመሽ ድረስ ተቀመጠ። ለመንኩት፣ አልተነሣም። በመጨረሻ ጎኑ ተቀመጥኩ። ኩርፊያው ያኔ ያለቀ መሰለኝ።

ሰኞ

እንቅልፍ አልነበረኝም። ይሄን ልጻፈው።

መዋያው ክፍት ቢሆን ኖሮ ቅዳሜ ጠዋት ወንበራቸው ባዶ መሆኑን ሰው ያይ ነበር። እኔ ሰዎቹን ከበሽታው ላድን ብዬ ዘጋሁት፤ ዘግቼ ግን ማን በሩን እንደሚያንኳኳ አላሰብኩም። ግራፌ ላይ ብቻውን ቤቱ የተኛ ሰው ነጥብ የለውም። ባይዘጋስ? ባይዘጋ ደግሞ ስንቱ ይታመም ነበር። ይህን ሳወጣና ሳወርድ አባዬ ሻይ አፍልቶ መጣ። ሐሳቤን ሁሉ ነገርኩት። ራሴን ስወቅስ ብዙ አይታገሠኝም፤ እንግዲህ ተዘግቷል፣ አሁን ምን ይደረግ ነው ወሬው አለኝ።

"በየጠዋቱ አንድ ሰው ለአንድ ሰው ይደውል" አለ። "ያልመለሰ ካለ ሌላው ይሄዳል። ስምሪት ነው። ከመነሻ ሳይወጡ የቀሩ አውቶቡሶችን እንዴት የምናውቅ ይመስልሻል?"

ረቡዕ

ስምሪቱ ጀምሯል። አባዬ የመዋያውን ሰዎች በመንደር በመንደር ከፋፍሎ እያንዳንዱን ቤት ፌርማታ አለው። በጠዋት ተላጭቶ ስልኩን ይዞ ይቀመጣል። "ሦስተኛ ፌርማታ ደህና ናት። አራተኛ ፌርማታ ቁርስ ላይ ነው፣ አፉ ሞልቶ ነው ያነሳው።" ድምፁ የሠራተኛ ሰው ሆኗል። የድሮ ረዳቱን ጨምሮበታል፤ ሰውየው እውነትም አይሰማም፣ ሲደውሉለት እሱ ብቻ ነው የሚያወራው፣ ግን ማውራቱ ራሱ ደህና መሆኑን ይናገራል።

ታዲያ በዚያን ቀን ከማን ጋር ነበር ቀስ ብሎ ያወራው?

ሥራ አለብኝ።

ዓርብ

ከመዋያው ሰዎች አንዱ፣ ጡረተኛ አናጺ፣ ለስምሪቱ ስልክ አልመለሰም። ጎረቤቱ ሄዳ አየችው፤ ትኩሳት። በመጀመሪያው ቀን ስለተደረሰበት መድኃኒቱን ጀምሮ ቤቱ ነው። አለቃዬ ይህን ሲሰማ ለሌሎቹ ሰፈሮችም እንዲደረግ አዘዘ። "የማን ሐሳብ ነው?" አለኝ። የአውቶቡስ ሹፌር አልኩት። ቀልድ መስሎት ሳቀ።

ከሥራ በኋላ ሆስፒታል። እኔ የምገባው በሥራዬ ነው፣ ማስክ አድርጌ፣ ርቄ ቆሜ። ልብስ ሰፊዋ ተሽሏቸዋል፤ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው አባትሽ ይበላል ወይ ነው። ይበላል አልኩ። የጃኬቱ የግራ ኪስ ውስጡ ተቀዷል፣ ቁልፉን እዚያ እንዳይከት ንገሪው፣ ስወጣ እሰፋዋለሁ አሉ።

አብሬው የምኖረው እኔ ነኝ። ስለ ኪሱ አላውቅም ነበር። ቤት ሄጄ አየሁት፤ ተቀዷል።

ሰኞ

ነጥቡ ዝቅ አለ። ሁሉም ጋ። የላብራቶሪው ሰው ስልክ ደውሎ "እየቀነሰ ነው። ጎሽ" አለ። ሁለት ዓረፍተ ነገር። ለእሱ ንግግር ነው።

ስብሰባ ላይ የበላይ ኃላፊዎች በነበሩበት አለቃዬ ግራፉን አሳይቶ፣ ይህን ቀድማ ያየችው እሷ ናት፣ እኔ ወቅቱ አልቋል ብያት ነበር አለ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ብዕሬን ስፈልግ ቦርሳዬ ውስጥ ጠፋሁ። ስንወጣ ያቺ ኮሪደር ላይ የሰማኋት ልጅ ሻይ ልጋብዝሽ አለችኝ። ጠጣን። ጥሩ ልጅ ናት፤ ስለ ልጆቿ ሁሉ ነገረችኝ።

ረቡዕ

ልብስ ሰፊዋ ከሆስፒታል ወጡ። አባዬ ሊቀበላቸው ሲሄድ ክራቫት አስሯል። እኔ አልሄድኩም፣ ሥራ ነበረኝ። መስኮት ላይ ቆሜ ግን ሲሄድ አየሁት። መንገዱን ሲሻገር ቆም ብሎ የሱቅ መስተዋት ውስጥ ራሱን አየ፤ ፀጉሩን በእጁ አስተካከለ።

እኔ ግራፍ ማንበብ የምችል ሰው ነኝ።

ቅዳሜ

ቁርስ ላይ አባዬ ዳቦውን ቆርሶ ቆርሶ ፍርፋሪ አደረገው።

"ልጄ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው" አለ።

ንገረኝ አልኩ። ልብስ ሰፊዋና እሱ አብረው ለመኖር አስበዋል። እሳቸው ቤት፤ የስፌት መኪናው ከባድ ነው፣ ደንበኞችም አሁንም ይመጣሉ። ካሰቡ ቆይቷል፣ ከብርዱ በፊት። ለምን እስካሁን አልነገርከኝም አልኩት።

"አንቺን ብቻሽን እንዴት ልተው? ባልሽ ሲሞት ልጠብቅሽ ብዬ እኮ ነው የመጣሁት።"

"እኔ ደግሞ አንተን ልጦር ብዬ ነው እዚህ ከተማ የቀረሁት።"

ተያየን። መጀመሪያ የሳቀው እሱ ነው። ከዚያ እኔም። ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ሳቅን፤ ሁለታችንም ዓመታት ሙሉ ዘበኛ ነበርን፣ የሚጠበቅ ሰው ግን አልነበረም።

ደስ ብሎኛል። እውነቴን ነው። እሱ ከወጣ በኋላ ፍሪጁን አጠብኩ፤ መታጠብ ነበረበት። መጋረጃዎቹንም አወረድኳቸው። ከቀትር በኋላ ርዕሰ መምህርቷ ደወለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቿ ጋር ወንዙ ዳር ይራመዳሉ፣ ደጋግማ ጠርታኝ ሁሌ አባቴን ልተው አልችልም ነበር መልሴ። ዛሬ ሌላ መልስ አጣሁ። የሚመጣው ቅዳሜ እመጣለሁ አልኳት።

ሰኞ

መስመሩ ተኛ። መዋያው ተከፈተ። ስምሪቱ ግን አልቆመም፤ ሰዎቹ አይቆምም አሉ። ወቅቱን የሚዘጋውን ሪፖርት ጽፌ ላክሁ። አለቃዬ ያለ ምንም እርማት ፈረመ፤ ዕረፍት ውሰጂ አለኝ። ልወስድ ነው።

እሑድ

ልብስ ሰፊዋ ምሳ መጡ። እኔ "እርስዎ" እላቸዋለሁ፣ እሳቸው ቤቱን እንደ ራሳቸው መሳቢያ ይከፍቱታል። በአባትሽ ሠርግ ተራ ልብስ ለብሰሽ አትቆሚም አሉኝና ከምሳ በኋላ ሜትራቸውን አወጡ። ሳሎኑ መሐል አቆሙኝ፤ እጅሽን ዘርጊ፣ አትንቀሳቀሺ። ትከሻዬን ለኩ፣ ደረቴን ለኩ፣ ቁጥሩን በቃላቸው ይይዛሉ። አባዬ ወንበሩ ላይ ሆኖ ሰማያዊ ይሁን ይላል፣ እሳቸው አንተ ስለ ጨርቅ ምን ታውቃለህ ይሉታል።

ሰው ልኬን ከወሰደልኝ ስንት ጊዜው ነው። እንደዚያ እጄን ዘርግቼ ቆሜ ሳለ እንባዬ መጣ። ከየት እንደመጣ አላውቅም። እጄን እንዳላወርድ ሜትሩ ወገቤ ላይ ነው። አባዬ ከወንበሩ ተነሣ፤ መሐረቡን አውጥቶ፣ ምንም እንዳላየ ሰው ወደ መስኮቱ እያየ፣ ሁለቱንም ጉንጬን ጠረገልኝ። ልጅ ሳለሁ እንደሚያደርገው፣ ትንሽ ጫን አድርጎ።

"ጉንፋን ሳይዘኝ አይቀርም" አልኩ።

ልብስ ሰፊዋ ሜትሩን በአንድ እጃቸው እንደያዙ በሌላው ግንባሬን ነኩት። እጃቸው ቀዝቃዛ ነበር፤ ቶሎም አላነሡትም።

"ትኩሳት የለሽም" አሉ፤ ወደ ወገቤም ተመለሱ።